ሸራ ሰፊው ያስተማሩኝ ጃፓንኛ

ባለፈው ሰኞ ጠዋት ሰመራ ካለው ቢሯችን ግቢ ስገባ፣ በቅርቡ ወደ እኛ ክፍል የተዛወረችው ባልደረባዬ ሀሊማ በጅቡቲ በኩል የገባች አሮጌ የጃፓን አውቶሞቢል ገዝታ፣ በሩን ከፍታ ትጠብቀኛለች። «ነይ ግቢ፣ መኪናዬ ታናግርሽ» አለችኝ። ገና ሁለት ሰዓት ቢሆንም መቀመጫው እንደ ፍም ያቃጥላል፤ ውስጡ የጋለ ላስቲክና የማላውቀው የሌላ አገር ሽቶ ተቀላቅሎ ይሸታል። ሀሊማ ቁልፉን ስታዞረው፣ ከመሪው ጀርባ ከየት እንደሆነ የማይታይ ቀጭን የሴት ድምፅ አንድ ዐረፍተ ነገር ተናግሮ ጸጥ አለ። ሀሊማ «ወዐለይኪ ሰላም» ብላ መለሰችላት። በየማለዳው ሰላም ስለምትለኝ ሳልመልስላት አላልፍም ብላ ሳቀች።

«ሰላምታ እንኳ አይደለም» አልኳት። «የሆነ ካርድ አልገባም ነው የምትልሽ።»

ሀሊማ ዞር ብላ አየችኝ። «ጃፓንኛ ደግሞ ማን አስተማረሽ?»

ይህን ጥያቄ በሕይወቴ ሁለት ጊዜ ተጠይቄያለሁ። የመጀመሪያው የዛሬ ሃያ ምናምን ዓመት፣ አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ በብዙ ሰው ፊት ነበር፤ ያን ጊዜ አልመለስኩም። ዝምታዬም፣ ዝም እንድል ትከሻዬን የጨበጠው እጅም እስከ ዛሬ ያንገበግቡኛል። ለሀሊማ መኪናዋ ውስጥ እንደተቀመጥን ላብ እየጠመቀን የነገርኳትን ነው እዚህ የምጽፈው።

አባቴ የአዋሽ ባቡር ጣቢያ ትኬት ቆራጭ ነበር። የምንኖረው ከሐዲዱ ማዶ፣ ግድግዳቸው ድንጋይ በሆነው የጣቢያው ሠራተኞች ቤቶች ውስጥ ሲሆን፣ የእኔ ልጅነት ባቡሩ እያረጀ የጭነት መኪናው እየበረከተ የሄደበት ዘመን ነው። አሰብ ከእጃችን ከወጣች በኋላ የአገሩ ዕቃ ሁሉ በጅቡቲ ሆነ፤ ባቡሩ ደስ ሲለው ይመጣል፣ ሲያሻው መንገድ ላይ ያድራል፤ ተሳቢዎቹ ግን ከአስፋልቱ ዳር እንደ ግመል ተሰልፈው፣ የሞተራቸው ትኩሳት ከቀኑ ሙቀት ተደርቦ፣ የናፍጣና የጥብስ ሽታቸው እስከ ቤታችን ደጃፍ ይዘልቅ ነበር። ከሰዓት በኋላ ከአዋሽ ወንዝ ገደል በኩል ነፋስ ሲነሳ የመኪናዎቹ ሸራ ሁሉ አንድ ላይ ይርገበገባል፤ ያን ድምፅ ዛሬም ከሺህ ድምፅ መሀል እለየዋለሁ።

ሸራ ካለ ቀዳዳ አይጠፋም፤ ቀዳዳ ሲኖር ደግሞ ሁሉም የሚሮጠው ወደ ጋሽ ይማም ነበር። ጋሽ ይማም ሹፌሮች ከሚበሉበት ሆቴል ፊት ለፊት ባለው የኒም ዛፍ ሥር፣ ሽርጣቸውን አገልድመው፣ መዳፋቸው ላይ ቁራጭ ቆዳ አስረው፣ የጣት ርዝመት ባለው መርፌ ሸራ ሲሰፉ ይውላሉ። ቀጭን፣ ረጅም፣ የመነጽራቸው አንዱ እግር በሲባጎ የታሰረ ሰው ነበሩ። ወሎዬ ናቸው፤ የአገራቸው ወግ ነውና ለጫት ሻጯም ለመኪና አጣቢውም «አንቱ» ይላሉ እንጂ፣ አዋቂ ሰው «አንተ» ብለው ሲጠሩ ሰምቼ አላውቅም። አሰብ ወደብ ላይ ከሃያ ዓመት በላይ የመርከብ ጭነት ቆጣሪ ሆነው ሠርተው፣ መንግሥት ሲለወጥ ከተፈናቀለው ሰው ጋር አንድ ሻንጣ ይዘው ወጥተው፣ ወደ አገራቸው ባዶ እጄን አልገባም ብለው አዋሽ ላይ ቀሩ። ጨው ሊጭኑ ከሚመጡ የጃፓን መርከበኞች ቋንቋቸውን ለምጃለሁ ሲሉ ሹፌሮቹ ይንከተከታሉ። ያን ሁሉ ዘመን የሠራ ሰው፣ አሁን ሸራ ስለሚሰፋ ብቻ፣ የሚናገረው ሁሉ ውሸት ሆነበት። ድሃ ሲናገር እውነቱ እንኳ ጨው እንደሌለው ወጥ ነው፤ ማንም አይውጥለትም።

እኔ ያመንኳቸው ብልህ ሆኜ አይደለም፤ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ስለነበርኩ ነው። አባቴ የጣቢያውን መጋዘን የተቀደደ ሸራ ይዤ እንድሄድ ልኮኝ፣ እስኪያልቅ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ስጠብቅ፣ በእያንዳንዱ ስፌት ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። «ኢቺ፣ ኒ፣ ሳን፣ ሺ...» ይላሉ።

«ምን እያሉ ነው፣ ጋሽ ይማም?»

«መቁጠሬ ነው ልጄ። ሃያ ዓመት በዚህ ቋንቋ ጆንያ ቆጥሬ፣ ስፌቱንም በሌላ መቁጠር አቃተኝ።»

ሸራው ሳያልቅ እስከ አሥር ቆጠርኩ። በማግስቱ ከትምህርት ቤት መልስ ተመልሼ ሄድኩ፤ ከዚያ ወዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ የቀረሁበት ቀን ጥቂት ነው። ጋሽ ይማም የከሰዓቱን የአስር ሶላት እስኪሰግዱ እየጠበቅኩ፣ ከሰገዱ በኋላ በፕላስቲክ የተጠቀለለውን ደብተራቸውን ሲገልጡ አጠገባቸው እቀመጣለሁ። ደብተሩ ውስጥ የጃፓንኛው ቃል በአማርኛ ፊደል ተጽፎ፣ ከጎኑ የጃፓኑ ፊደል እንደ ጉንዳን መንገድ ተስሏል። «አትፍሪው» አሉኝ፤ «እንደኛው ነው። የእኛ እያንዳንዱ ፊደል ሰባት ልጅ ይወልዳል፣ የእነሱ አምስት ይወልዳል፣ ሌላው ተመሳሳይ ነው። ካ፣ ኪ፣ ኩ፣ ኬ፣ ኮ።» የቄስ ትምህርት ቤት እንደገባ ልጅ እየተወዛወዝኩ ስጮህ፣ ሹፌሮቹ ከሆቴሉ በረንዳ ላይ ሆነው ያጨበጭቡልኛል።

ሰዋስው የሚሉትን ነገር ያስተማሩኝም በጭነት ነው። «እንግሊዝኛ ችኩል ነው፤ ማሰሪያውን መሀል መንገድ ላይ ጥሎት ይሄዳል። ጃፓንኛና አማርኛ ግን ጨዋ ናቸው፤ ዕቃውን ሁሉ ጭነው ሲጨርሱ በመጨረሻ ገመዱን ያስራሉ።» ከዚህ በኋላ ያገኘኋቸው የቋንቋ መምህራን ሁሉ፣ ዲግሪያቸውን ደርድረው፣ እንዲህ አድርገው አላስረዱኝም።

አንድ ቀን ከጅቡቲ የመጣ አሮጌ ሚኒባስ ፍየሎች ጭኖ ሆቴሉ ፊት ቆመ። ጎኑ ላይ ከነበረው የጃፓን ጽሑፍ ሁለት ትልልቅ ፊደሎች ብቻ አልተፋቁም። ቀስ ብዬ «ፓ... ን» ብዬ አነበብኩ። ጋሽ ይማም መርፌያቸውን ሸራው ላይ ሰክተው ተነሡ። «አልሐምዱሊላህ፣ አነበብሽ። ፓን ዳቦ ነው፤ እኛ ፓኔ እንደምንለው።» ሹፌሩ ግን ጽሑፉን የክብር ማዕረግ አድርጎ ለተሳፋሪው ሁሉ ሲያወራለት የኖረ ሰው ነውና፣ መኪናህ ዳቦ ነው የምትለው ስለው ፊቱ ተለዋወጠ፤ የፍየል መንጃ ዱላውን ይዞ እስከ ሐዲዱ አባረረኝ። ጋሽ ይማም ያን ቀን ሙሉ እየሳቁ ስፌት ተሳሳቱ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አዋቂነት ተሰምቶኝ አያውቅም።

አሁን ወደ ትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር ልምጣ። አቶ ታፈሰ ይባላል። ጋሽ ይማምን አክብሬ እሱን «እሱ» ማለቴን አንባቢ ይቅር ይበለኝ፤ ልቤ እምቢ ይለኛል።

ስድስተኛ ክፍል እያለሁ የሒሳብ ደብተሬ ሽፋን ላይ ስሜን በጃፓን ፊደል ጽፌ ነበር። ደብተር ሊቆጣጠር ሲገባ አየው። ምንድን ነው አለኝ፤ ነገርኩት። ማን አስተማረሽ አላለም፤ ሹፌሮቹ ሲያወሩ ሰምቶ ኖሮ ያውቅ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ ከሰልፉ አውጥቶ፣ ተማሪው ሁሉ እያየ መዳፌን በማስመሪያ ስድስት ጊዜ መታኝና «ሸራ ሰፊ ሸራ ይሰፋል፤ ቋንቋ የሚያስተምረው የተማረ ሰው ነው። ይህ ድግምት ነው» አለ። ልጆቹ እስከ ክረምት ድረስ «ደጋሚዋ» ሲሉኝ ከረሙ። ለጋሽ ይማም የተመታሁበትን ምክንያት አልነገርኳቸውም፤ እጄን አይተው ጠየቁኝ፣ ስላረፈድኩ ነው አልኳቸው።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው፣ ዓመት ሳይሞላ፣ ቢሮው አስጠርቶ ወንበር የሰጠኝ። ለትምህርት ቤታችን ግቢ የውሃ ቦኖ ያሠሩ ጃፓኖች ሊመርቁ ይመጣሉ ተብሏል። «ስንዱ የኔ ጎበዝ» አለኝ፤ ከዚያ በፊት ስሜን እንኳ የሚያውቅ አይመስለኝም ነበር። «በራሳቸው ቋንቋ እንኳን ደህና መጣችሁ ብትያቸው ትምህርት ቤታችን ይኮራል።»

«ጋሽ ይማም ይጽፉልኛል» አልኩት።

«ማንም ይጻፈው፤ ብቻ አሳምሪው።»

ጋሽ ይማም ሲሰሙ እንደ ሕፃን ነው የሆኑት። ሁለት ሳምንት ሙሉ የሸራ ሥራ እየተከመረባቸው ሦስት ዐረፍተ ነገር ሲያቃኑ ሰነበቱ። «ኦሬ ዋ ስንዱ ዳ። ኦማኤራ፣ ዮኩ ኪታ ና። ሚዙ፣ አሪጋቶ ዮ።» እኔ ስንዱ ነኝ፣ እናንተ እንኳን መጣችሁ፣ ስለ ውሃው እናመሰግናለን ማለት ነው። በመጨረሻው ቀን፣ ከአሰብ ከወጡ ወዲህ ለብሰውት የማያውቁትን ነጭ ሸሚዝ ከሻንጣቸው አውጥተው ለእናቴ እንድትተኩስላቸው ሰጧት። እናቴ ኮሌታው እንደ ጎራዴ እስኪቆም ተኮሰችላቸው፤ እጅጌው ላይ ያለችውን የዝገት ነጠብጣብ ልታስለቅቅ ግማሽ ሎሚ ጨርሳባታለች።

በምረቃው ዕለት በረድፍ ቆመን እንግዶቹን ስንጠብቅ ጋሽ ይማምን አሻግሬ አየኋቸው። በሩ ላይ ናቸው፤ ዘበኛው እጁን ዘርግቶ አግዷቸዋል። ዘበኛው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ተሸማቅቆ «ጋሼ፣ እርስዎን በተለይ እንዳላስገባ ታዝዣለሁ» ሲል በቅርብ የነበሩ ልጆች ሰምተው ነገሩኝ። ጋሽ ይማም አልተከራከሩም። በአጥሩ ዙሪያ ሄደው፣ ከቦኖው ትይዩ በሽቦው መሀል ማየት የሚቻልበት ቦታ ፈልገው ቆሙ። ቀበሌው መጥቷል፣ ወረዳው መጥቷል፣ ለሹሞቹ ልጆች ሳይቀር ወንበር ተሰጥቷል። ከከተማው ሰው ቋንቋውን የሚያውቁት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ከሽቦው ውጭ ናቸው።

ተራዬ ሲደርስ ወጣሁና ከፍ ባለ ድምፅ ሦስቱን ዐረፍተ ነገር አልኳቸው። ጃፓኖቹ ጸጥ አሉ። አንዷ ሴት አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ መሀላቸው የነበሩት፣ ጸጉራቸው እንደ ጥጥ የነጣ ሽማግሌ ሳቃቸው አመለጣቸው፤ እየሳቁ እንባቸው ወረደ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው። ግቢው ሙሉ ሳቅ ሆነ። ሽማግሌው ወደ እኔ መጥተው ተንበርክከው ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ፤ ከአዲስ አበባ አብሯቸው የመጣው አስተርጓሚ እንዲህ ብሎ ተረጎመው፤

«ይቺ ልጅ የምትናገረው ልክ እንደ አባቴ ነው ይላሉ። አባታቸው የወደብ ሠራተኛ ነበሩ። እንዲህ ያለውን ንግግር ከሞቱ ወዲህ ሰምቼው አላውቅም፤ ይህ ከመጽሐፍ አይገኝም፤ ማን አስተማረሽ? ያን ሰው እጁን መጨበጥ እፈልጋለሁ ይላሉ።»

በኋላ አድጌ እንዳጣራሁት፣ ጃፓኖች «እኔ» የሚሉበት ብዙ ቃል አላቸው፤ «ኦሬ» ጆንያ ተሸካሚ ለጓደኛው የሚለው ነው። «ኦማኤራ»ም አማት ፊት ቆሞ «አንተ» እንደማለት ነው። ለውሻ እንኳ አንቱ ሊሉ ምንም ያልቀራቸው ጋሽ ይማም፣ ሳያውቁት እንግዶቹን ሁሉ አንተ አሰኝተውኛል። የወደብ ሰው ለወደብ ሰው የሚናገረውን ነው የሰሙት፤ የሰሙትን ነው በታማኝነት ሃያ ዓመት የያዙት።

አፌን ልከፍት ስል ትከሻዬ ላይ እጅ አረፈ። «በትምህርት ቤታችን የጃፓንኛ ክበብ አለ» አለ አቶ ታፈሰ። «ክበቡን የመሠረትኩት እኔ ነኝ፤ የማስተምረውም እኔው ነኝ።»

አስተርጓሚው አስተላለፈ። ሽማግሌው ወደ አቶ ታፈሰ ዞረው በቋንቋቸው አንድ አጭር ጥያቄ ጠየቁት። አቶ ታፈሰ ጥርሱን ገልጦ «የስ፣ የስ» አለ። ጥያቄው «መቼ ነው የተማሩት?» የሚል ነበር፤ ያን ያህል እኔ እንኳ እሰማ ነበር። ሽማግሌው ከእሱ ዐይናቸውን አንሥተው እኔን አዩኝ። ጣቴን ወደ አጥሩ ብቀስር ይበቃ ነበር። እጁ ትከሻዬን ጠበቅ አደረገው። እኔም ቦኖውን ማየት ጀመርኩ።

በማግስቱ የኒሙ ሥር ስሄድ ጋሽ ይማም ሸሚዙን አጣጥፈው አስቀምጠውታል። ሳቁን ከአጥሩ ውጭ ሆነው ሰምተዋል፤ የሽማግሌውን ንግግር ግን ርቀቱና ጫጫታው አላሰማቸውም።

«ሳቁብሽ?» አሉኝ።

ይፈልጉዎት ነበር፣ እጅዎን ሊጨብጡ ነበር ማለት እችል ነበር። ይህን ብል ግን «ታዲያ ምን አልሽ?» ይሉኛል። «ሳቁ» ብቻ አልኩ።

ሸራው ላይ ያለችውን መርፌ ነቀሉ። «እንግዲህ ተሳስቼ ነው ያስተማርኩሽ። ወላሂ፣ እንደሰማሁት ነው። ልጄን ሰው ፊት አዋረድኳት» አሉ፤ ደብተሩንም በፕላስቲኩ ጠቅልለው ከሳጥናቸው ሥር ከተቱት። ከዚያ ቀን በኋላ ሸራ ሲሰፉ በአማርኛ ነበር የሚቆጥሩት።

ከጥቂት ወራት በኋላ ለክበቡ ተብሎ ከጃፓን አንድ ትልቅ ካርቶን መጣ። መዝገብ ይዤ ቢሮ ስገባ አየሁት፤ ሥዕል ያላቸው የልጆች መጻሕፍት፣ ካሴቶች፣ ሁለት ወፋፍራም መዝገበ ቃላት። አቶ ታፈሰን እንድዋስ ብለምነው «ክበቡ ሲደራጅ» አለኝና ቁም ሳጥኑን ቆለፈ። ክበቡ የተደራጀው ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ወረቀት ብቻ ነው። ከዓመታት በኋላ ቁም ሳጥኑ ሲከፈት ምስጡ መጻሕፍቱን እንደ ብስኩት አድርጓቸው ነበር አሉ። ስድስት ኪሎ የሚመዝን መዝገበ ቃላት የበላ ምስጥ ከእኔ ይልቅ ጃፓንኛ ቀምሷል።

ሰመራ መቆርቆር ስትጀምር ድንኳንና ሸራ የሚሰፋ ሰው ተፈለገና ጋሽ ይማም ወደዚያ ሄዱ። ሊሰናበቱ ቤታችን መጥተው «ስንዱ የለችም?» ብለው እናቴን ሲጠይቁ ስሰማ፣ ጓዳ ውስጥ ሆኜ ትንፋሼን ዋጥኩ። እናቴ እንደሌለሁ ነገረቻቸው። «ሰላም በሏት፤ አትቀየመኝ» አሉ። አትቀየመኝ ያሉት እሳቸው ናቸው፤ እንግዲህ ይህን ማን ይሸከመዋል?

እኔ ተምሬ ሰመራ ስመደብ መጀመሪያ ያደረግኩት እሳቸውን መፈለግ ነበር። ሎጊያ ላይ ምግብ ቤት ያላት ሴትዮ ታስታውሳቸዋለች፤ ታመው በሚሌ በኩል ወደ አገራቸው በጭነት መኪና ተሳፈሩ፣ ባቲ ይሁን ከሚሴ አላውቅም፣ ከዚያ ወዲያ ወሬያቸውን አልሰማሁም አለችኝ። ሃያ ዓመት አጠራቅመው ከአሰብ ይዘውት የወጡት ያ ደብተር የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። እኔ የቀረኝ ከመቶ የማይበልጥ ቃል ነው። ካርቶኑ ቢከፈትልኝ፣ ጋሽ ይማምም አጠገቤ ቢቀመጡ የት እደርስ እንደነበር እያሰብኩ ስናደድ የምውልበት ቀን አለ።

አቶ ታፈሰ ግን ደረጃ በደረጃ አድጎ ሰመራ መጣ። አምና ጡረታ ሲወጣ በአዳራሽ ሽኝት ተደረገለት፤ የሕይወት ታሪኩ ሲነበብ «በአካባቢው የጃፓንኛ ቋንቋ ትምህርትን ለመጀመሪያ ጊዜ የጀመሩ» የሚል ዐረፍተ ነገር መጣ። ሰው አጨበጨበ። የቀድሞ ተማሪዎች አስተያየት ይስጡ ሲባል እጄን አወጣሁ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገርኩ፤ ማስመሪያውን፣ በሩን፣ ካርቶኑን፣ የራሴንም ዝምታ። አቶ ታፈሰ ፊት ለፊቱ ያለውን የውሃ ጠርሙስ ሲያዞር ነበር። አንድ አዛውንት ከጎኔ «ተይው ልጄ፣ ያለፈ ነገር ነው» አሉኝ። ለእኔ አላለፈም አልኳቸው።

ስወጣ ዝግጅቱን ለዜና የሚጽፈው ወጣት በር ላይ ጠበቀኝ። እሱ ብቻ ነው ማስታወሻ ደብተሩን የገለጠው። «እኒያን ሰው መጥቀስ እፈልጋለሁ» አለኝ። «ይማም ማን ልበል?»

ቆምኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ አጠገባቸው ተቀምጬ የስንቱን ነገር ስም ጠይቄያቸዋለሁ፤ የአባታቸውን ስም አንድ ቀን አልጠየቅኳቸውም። ለአባቴ ደወልኩ፤ አያውቅም። ለእናቴ ስልኩን ሰጣት፤ እሷም አታውቅም። ልጁ ትንሽ ከጠበቀኝ በኋላ ይቅርታ ጠይቆ እስክሪብቶውን ኪሱ ውስጥ ከተተው።